ጎ፣ ዌንት፣ ጎን

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ኢት፣ ኤት፣ ኢትን» እያሉ ልጆቻችን እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት ደጋሚ እንኳ የሚለምነው ነገር አለው፤ እነዚህስ?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሠንጠረዡን አንዲት ሳይስቱ የሚወርዱ፣ ትናንት የዋሉበትን ግን በአንድ አንቀጽ መጻፍ የሚያቅታቸው ተማሪዎች ገጥመውኛል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማሩ እያልን ያስታጠቅናቸው ሠንጠረዥ ነው።

እስቲ ልጠይቅ፤ «ነው» ሲያልፍ «ነበር» እንደሚሆን፣ «መጣ» ሲታዘዝ «ምጣ» ሳይሆን «ና» እንደሚሆን ማን በሠንጠረዥ አስተማረን? እናታችን ስትጠራን፣ አያታችን ተረት ስትነግረን ሰማነው እንጂ! እንግሊዝኛም ያው ነው። «ኢሬጉላር» የሚባሉት ግሶች እኮ ከሰው አፍ የማይጠፉት፣ ሄደ፣ መጣ፣ በላ፣ አለ የሚሉት ናቸው። የእንግሊዝ ሕፃንም «ጎ» ላይ «ድ» ቀጥሎ «ጎድ» ይላል፤ ሰምቶ ሰምቶ ይታረማል። የእኛው ልጅ «ጎድ» ሲል ግን ክፍሉ ይስቅበታል። ከዚያ ወዲያ አፉን ይዘጋል።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ይቆየን። ልጁ ታሪክ ይስማ፣ ያንብብ፣ ይሳሳት። ዝም ያለ ሁሉ የተማረ አይደለም።