የኤልያስ ስሜ ጥበብና የቤተ መዘክር አዳራሽ

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተለቀመው የኤሌክትሪክ ሽቦና የተፈታታው የኮምፒውተር አካል፣ በኤልያስ ስሜ እጅ ተጎንጉኖና በእንጨት ገበታ ላይ ተቸንክሮ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ የዌሊን ቤተ መዘክር ለብቻው በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ከቀረበ፣ ከዚያም ወደ አክረን፣ ወደ ካንሳስ ሲቲና ወደ ቶሮንቶ ከተሻገረ ወዲህ፣ ስለዚህ ጠቢብ ሲወሳ አስቀድሞ የሚነገረው የተጣለውን ማንሣቱ ነው። ውዳሴው ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የሰውየውን ድካም ከቆሻሻ ጋር ብቻ የሚያያይዝ ውዳሴ ጥበቡን ያሳንሰዋል እላለሁ።

ርቆ ለቆመ ተመልካች ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል የሚታይ ማሳና መንደር የሚመስለው ያ ሰፊ ገበታ፣ ክንድ ያህል እስኪቀር ቀርበው ሲመረምሩት፣ ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ልባሱን እንደ ለበሰ በቀጭን በቀጭኑ የተጎነጎነ ሽቦ፣ በመካከሉም የማዘርቦርድ ቁራጭና ፊደሉ ያልጠፋ የኪቦርድ ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። ጉንጉኑ ሁሉ በትንንሽ ምስማር ተይዞ ከጎረቤቱ ጋር የተጋጠመው በዘፈቀደ አይደለም፤ በፊተኞቹ ሥራዎቹ ሸራን በመርፌ፣ በክርና በአዝራር ሲሰፋ የኖረ ሰው ትዕግሥት፣ ቀለምን በቀለም እየመዘነ ያኖረው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በመጽሔት ፎቶግራፍ አየሁት ማለት አላየሁትም ከማለት ብዙ አይርቅም።

ይህ ሥዕልም ቅርጽም የሆነ ሥራ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር፣ የቀደመውን ልማዳችንን ያስብ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚከበረው ቅዱስ ሥዕል እንጂ የቆመ ምስል ባለመሆኑ፣ የአባቶቻችን የቅርጽ ጥበብ ወደ መስቀሉ፣ ወደ መንበረ ታቦቱና እንደ ላሊበላ ወደ ዐለቱ አዘነበለ። እንግዲህ እንደ ሥዕል በግድግዳ ተሰቅሎ እንደ ቅርጽ ከፍና ዝቅ የሚል የኤልያስ ገበታ፣ ለዚህ አገር ዐይን ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ባዕድ ካልሆነ ደግሞ በአገሩ ሊታይ ይገባል። ኤልያስ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ ያቋቋመው፣ በጭቃና በጭድ የአገር ቤት አሠራር የታነጸው ዞማ ቤተ መዘክር ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የአንድን ትውልድ ጥበብ ለሕዝብ የማሳየት ዕዳ በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር፣ ድንቅነሽንና የአክሱምን ቅርሶች እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በሕይወት ላሉ ቀራጮችም በየተራው የብቻ ዐውደ ርእይ የሚቆምበት፣ ተመልካች ወደ ኋላ ርቆ ሊቆም የሚችልበት፣ ብርሃኑ የተስተካከለ ሰፊ አዳራሽ ያዘጋጅ፤ በኤልያስም ይጀምር፤ በመክፈቻው ቀን ከክቡራን እንግዶች አስቀድሞ፣ ያንን ሽቦ ፈትተውና ለይተው የሸጡለት የምናለሽ ተራ ነጋዴዎች ይጠሩ።