ደጋ የማያውቀው በሽታ፦ የወቅታዊ ሠራተኞች ሕመምና የካሳ መብት

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በቤተ ክህነት ትምህርት የታወቀችው የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ነው። ድጓ የዘለቀ ደቀ መዝሙር ምስክርነቱን ለማግኘት ከየአገሩ ወደዚያው ይጓዛል። ከዚሁ አካባቢ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚወርድ ሌላ መንገደኛም አለ። ማሳው ጠብቦት ወይም ምርቱ ከዓመት ዓመት አላደርስ ብሎት፣ በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ ጤነኛ ሆኖ ወርዶ ታሞ ሲመለስ፣ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑን የሚመሰክርለት አያገኝም። ቢያገኝም ሕጉ ራሱ በሩን የሚዘጋበት አንድ ድንጋጌ አለ። ይህ ጽሑፍ ያ ድንጋጌ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል ይላል።

በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የተደነገገው ጥበቃ በወረቀት ላይ ሲታይ ደካማ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሁሉ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ያስቀምጣል። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ። የመድን ወይም የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲደርስበት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል። ለወቅታዊ ሥራ መቀጠር በአዋጁ የታወቀ የቅጥር ዓይነት ነው፤ ውሉም በቃል ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ሰሊጥ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ ከሕጉ ጥላ ውጭ አይደለም። ማጭድ እግሩን ቢቆርጠው ወይም ትራክተር ቢገለበጥበት መብቱ በመርህ ደረጃ ግልጽ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጉዳቱ በሽታ ሲሆን ነው። አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን በካሳ ሥርዓቱ ውስጥ ቢያካትትም፣ ሥራው በሚከናወንበት አካባቢ የተለመዱና እዚያው የሚይዙ ነዋሪ ወይም ተዛማች በሽታዎችን ከትርጓሜው ያወጣል። የሚተርፈው እነዚህን በሽታዎች መዋጋት ብቸኛ ሥራው የሆነ ሠራተኛ ብቻ ነው። በዚህ መሠረት ወባን የሚከላከል የጤና ሠራተኛ ሲታመም ይካሳል፤ ወባ ባለበት እርሻ አረም የሚያርም የቀን ሠራተኛ ግን አይካስም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካላዛር በግልጽ ያሳያል። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ዝንቧ በግራር ዛፎችና በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬት ትራባለች። ሠራተኛው የሚያድረውም እዚያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለ አጎበር፣ በዛፍ ሥር ወይም በሜዳ ላይ። በሁመራ እርሻዎች በሽታው በስደተኛ ሠራተኞች ላይ መበርታቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ተነሣ። መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ተደርጎ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ተመራማሪዎች ለመነሻው በዋናነት የጠቀሱት ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞችን ነው። በሽታው ከሥራው ቦታ ተነሥቶ በሠራተኛው ትከሻ እስከ ቤተሰቡ ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው።

የድንጋጌው ዓላማ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አሠሪ ኃላፊ የሚሆነው ሥራው ለፈጠረው አደጋ ነው፤ ነዋሪውን ሁሉ እኩል ለሚያጠቃ በሽታ ሊጠየቅ አይገባም። በመተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባ ቢይዘው፣ በእርሻም ይዋል በቤቱ፣ ሕመሙን ከሥራው ጋር ማያያዝ ይከብዳል። ይህ ክርክር ግን ለነዋሪው እንጂ ከደጋ ለወረደው ሠራተኛ አይሠራም። ምክንያቱም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ድንጋጌው የሚመዝነው ቦታውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የመተማ ቆላ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ነው። በደጋው ላደገ ወጣት ካላዛር የአገሩ በሽታ አይደለም፤ ሰውነቱም ከዚያ በፊት አያውቀውም። ለበሽታው የተጋለጠበት ምክንያት የሥራ ውሉ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የመኝታው ሁኔታ የሥራው አካል ነው። ከቤቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በእርሻው ላይ የሚያድር ሠራተኛ ሌሊቱን በግል ሕይወቱ የሚያሳልፈው ያህል አድርጎ መቁጠር ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ሦስተኛ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በዚሁ አዋጅ ተጥሎበታል። በአካባቢው የታወቀ በሽታ አሠሪው አስቀድሞ ሊያውቀውና ሊከላከለው የሚችል በሽታ ነው። የበሽታው መታወቅ ጥንቃቄን ሊያጠብቅ ሲገባ ከኃላፊነት ማምለጫ መሆኑ የሕጉን አመክንዮ ያፋልሳል።

አዋጁ መፍትሔውንም በከፊል በውስጡ ይዟል። በተወሰነ ሥራ ላይ በተሰማሩ ሰዎች ላይ ብቻ ደጋግሞ የሚታይ በሽታ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ በሥራ ምክንያት እንደመጣ ይገመታል፤ የሚያስፈልገው ሠራተኛው በዚያ ሥራ ላይ እንደነበረና በሽታው በሐኪም መረጋገጡ ነው። ጉዳቱ ደረሰ የሚባልበት ቀንም ሠራተኛው መሥራት ያቃተው ወይም በሽታው መጀመሪያ በሐኪም የታወቀበት ቀን ነው። ይህ ለካላዛር ታማሚ ትልቅ ነገር ነው፤ የበሽታው ምልክት የሚታየው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ሠራተኛው አገሩ ከገባ በኋላ ነውና። በጋይንት ደጋ በካላዛር የሚታመመው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ በአመዛኙ ቆላ ወርዶ የሠራ ሰው የሚል ይሆናል። ፍርድ ቤቶች ይህን የሕግ ግምት ከማግለያው ድንጋጌ ጋር አዛምደው ቢያነቡት፣ ማግለያው የአካባቢውን ነዋሪ ብቻ እንደሚመለከት አድርጎ መተርጎም ይቻላል።

ትርጓሜ ብቻውን ግን አይበቃም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን ሠንጠረዥ በመመሪያ የማውጣት ሥልጣን ስላለው፣ ካላዛር በቆላ እርሻዎች ለሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች በስም ሊካተት ይገባል፤ ማግለያው ድንጋጌም አዋጁ ሲሻሻል ከሌላ አካባቢ ለሥራ የመጣን ሠራተኛ እንዳይመለከት በግልጽ መጻፍ አለበት። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የበሽታዎች ዝርዝር፣ በሥራ ላይ ከተፈጠረ ተጋላጭነት ጋር ቀጥተኛ ግንኙነታቸው የተረጋገጠ ሌሎች ሥነ ሕይወታዊ መንስኤዎች የሚያስከትሏቸውን በሽታዎች ስለሚቀበል፣ እርምጃው ከዓለም አቀፉ አስተሳሰብ የራቀ አይሆንም።

ማስረጃና ስሌትም መታየት አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። በደላላ ተሰብስቦ፣ በጭነት መኪና ተጓጉዞ፣ ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው ለሚዘዋወር ሠራተኛ ግን ይህ ወረቀት እምብዛም አይደርሰውም። ቢደርሰውም ካሳው የሚሰላው በዓመት ደመወዝ ነው። ለአንድ አሠሪ ሁለት ወር የሠራ ሰው የዓመት ደመወዙ ስንት ነው? የሁለት ወር ገቢው ብቻ ከተያዘ፣ አምስት እጥፉ የአንድ ዓመት ኑሮ እንኳን አይሸፍንም። ስሌቱ በሥራው ቦታ የሚከፈለውን የቀን ሒሳብ ለሙሉ ዓመት አባዝቶ ቢወስድ ይበልጥ ፍትሐዊ ይሆናል።

አነስተኛ ባለሀብቶች ይህን ወጪ አይችሉትም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሸክሙ በአንድ አሠሪ ላይ ከወደቀ እውነት ነው። ነገር ግን በመሬቱ ስፋት ልክ ሁሉም እርሻ በሚያዋጣበት የጋራ መድን ቢከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ አጎበርና የተሻለ ማደሪያ የሚያቀርበውም ያነሰ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል። በአሁኑ ሁኔታ ወጪው አልጠፋም፤ ከፋዩ ተለወጠ እንጂ። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥም፣ በየቀኑ በመርፌ ለ17 ቀን የሚሰጠው ሕክምና፣ የአስታማሚው ስንቅና መጓጓዣ፣ ሳይታረስ የቀረው ማሳ፣ ሰውየው ቢሞት ደግሞ የልጆቹ ማሳደጊያ፣ ሁሉም በደጋው ቤተሰብ ላይ ያርፋል። ትርፉ ቆላ ቀርቶ ኪሳራው ብቻ ደጋ ሲወጣ ሕጉ ዝም ሊል አይገባም።