የኪሳችንን ልክ ማን ይወቅ?



በአሽዶድ ሮቫ ቴት ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን አንዱ በቅርቡ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በዕብራይስጥ ተጽፏል፤ ከግርጌው የአባትየው ፊርማና የተዑዳት ዘሁት ቁጥራቸው ሰፍሯል። የተፈረመው በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመው፣ ደላላው ቁልፉን በእጁ ይዞ ሲጠብቃቸው ነበር። ያስተረጎመው የ13 ዓመት ልጃቸው ነው። ልጁ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ አየና፣ "አባዬ፣ ቤቱን ያሳየን እሱ መሆኑን ብቻ ነው የሚለው" አለ። አባትየውም ፈረሙ። ቤቱን ወደዱት፤ ገዙትም። የውሉ ቀን ግን ደላላው ከ42 ሺህ ሼቄል በላይ እንዲከፈለው ጠየቀ። ቤተሰቡ ያንን ገንዘብ ለኩሽና ማሠሪያና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማሽካንታ ብሎ ያስቀመጠው ነበር።

ልጁን አንወቅስም፤ ካነበበው የተረዳውን ተናገረ። አባትየውንም አንወቅስም። የሚያስገርመው ግን በወረቀቱ ላይ ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አለማግኘታችን ነው። ደላላው ፈቃድ አለው፤ ክፍያው በመቶኛ በግልጽ ተጽፏል፤ ፊርማ አለ። የእስራኤል ፍርድ ቤቶች ደግሞ አንድ ሰው ከፈረመ ያነበበና የተረዳ ነው ብለው ይነሣሉ፤ "ቋንቋውን አላውቀውም ነበር" የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ አያድንም። እንግዲህ ጉዳቱ የደረሰው በውሉ ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ በደረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ነው ይህን ርዕሰ አንቀጽ መጻፍ ያስፈለገን።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ የሆኑት ወገኖቻችን ሲገቡ ብዙዎቹ በካራቫን ሰፈሩ። ሑልዳን፣ ናሓል ቤካን፣ ጊቭዓት ሃማቶስን፣ ሐጽሮት ያሳፍን የማያስታውስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ1993፣ ያኢር ጻባን የክሊጣ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ መንግሥት ከካራቫን ለሚወጡ የኢትዮጵያ ዖሊም ልዩ ማሽካንታ አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ስጦታ ነበር፤ ቤቱ የሚገዛው ግን መንግሥት በዘረዘራቸው ከተሞችና ሰፈሮች ብቻ ነው። ብዙ ሺህ ቤተሰብ በዚህ ማሽካንታ የራሱን ቁልፍ ጨበጠ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንክደውም።

ይሁን እንጂ ያ ማሽካንታ አንድ ጉዳት ነበረው። ጣሪያው በአዋጅ የታወቀ ነበርና ሻጩም ደላላውም በኪሳችን ስንት እንዳለ እኛ በሩን ሳናንኳኳ ያውቁ ነበር። ኪሱ የታወቀ ገዢ ደግሞ በምን አንደበቱ ይከራከራል?

ወላጆቻችን በአገር ቤት እንዲህ አልነበሩም። በገበያ ቀን በሬ ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ፣ ወዲያ ወዲህ ሳያስኬዱት ዋጋ አይጠሩም ነበር። ደላላው መሀል ገብቶ አንዱን "ጨምር"፣ ሌላውን "ቀንስ" ሲል ገዢው ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ በኩታው ጫፍ የቋጠረውን ብር ፈትቶ "ያለኝ ይኸው ነው" አይልም። ያንን ጥበብ ይዘን መጥተናል። ለአንድ በሬ የተከራከርን ሰዎች 30 ዓመት ሙሉ ለሚከፈል ቤት ዝም የምንልበት ምክንያት ቋንቋውና ይሉኝታው ነው። "ደላላው ሦስት ቀን አንከራተትነው፤ በመኪናው ወሰደን፤ አሁን ስለ ክፍያው ብንከራከር ምን ይለናል?" እንላለን። ደላላው ግን ስለ ክፍያው የሚከራከር ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ክኔሴት በ1996 ባወጣው የደላሎች ሕግ መሠረት ደላላ፣ ማለትም ሜታቬኽ፣ ክፍያ ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የጸና ፈቃድ። ፈቃዱን በፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ላይ በስም መፈለግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በደንበኛው የተፈረመ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ በዕብራይስጥ ሀዝማና። በእርሱ ላይ የሁለቱ ወገኖች ስም፣ የቤቱ ሁኔታ፣ ግምታዊ ዋጋውና የክፍያው ልክ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ፣ ገዢና ሻጭ እንዲዋዋሉ ዋናው ምክንያት እርሱ መሆኑ። ደረጃው ላይ የምትቀርበው ወረቀት እንግዲህ ይህቺ ሀዝማና ናት። "ቤት ማየታችሁን ብቻ" የምትመሰክር ወረቀት አይደለችም።

ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ በቤት ሽያጭ የደላላው ክፍያ ስንት በመቶ እንደሚሆን ሕጉ አይወስንም። "ሁለት በመቶ ከነማዓም" የሚባለው የገበያ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በስምምነት ይለወጣል። ለምሳሌ ቤቱ 1,800,000 ሼቄል ነው እንበል። ሁለት በመቶው 36,000 ሼቄል ነው። ማዓም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ ስለሆነ 6,480 ይጨመርበታል፤ በድምሩ 42,480 ሼቄል። በአንድ ተኩል በመቶ ቢስማሙ ከነማዓሙ 31,860 ይሆናል። ልዩነቱ 10,620 ሼቄል ነው። ይህ ገንዘብ የሚገኘው ከመፈረም በፊት በሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ልመና ይሆናል።

ይህ ገንዘብ ከማሽካንታው እንደማይወጣም አንርሳ። ባንክ ለመጀመሪያ ቤት ቢበዛ 75 በመቶ ያበድራል፤ ያም ከውሉ ዋጋና ከሻማዩ ግምት ያነሰው ተወስዶ ነው። ቀሪውን፣ በምሳሌያችን ቢያንስ 450,000 ሼቄል፣ ቤተሰቡ ከራሱ ያመጣል። የደላላውና የኦሬኽ ዲኑ ክፍያ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

ብዙዎቻችን "ደላላው ዋጋውን ያስቀንስልናል" ብለን እንታመናለን። ሒሳቡን እንየው። ደላላው ብዙ ጊዜ ከገዢም ከሻጭም ይቀበላል፤ ይህም ክልክል አይደለም። እናንተ ከዋጋው 50,000 ሼቄል ብታስቀንሱ ደላላው ከእናንተ በኩል የሚያጣው ሁለት በመቶውን፣ ማለትም 1,000 ሼቄል ብቻ ነው። እናንተ ብትጨምሩም የሚያገኘው ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ የእርሱ ጥቅም ዋጋው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ላይ ሳይሆን ነገሩ ቶሎ መዘጋቱ ላይ ነው። "ሌላ ገዢ አለ፤ ዛሬ ማታ ካልፈረማችሁ ያመልጣችኋል" የሚለው ቃል ከዚህ ይመጣል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገ ጠዋትም ቤቱ እዚያው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ታዲያ ዋጋ እንዴት ይጠራል? በመጀመሪያ፣ የተጠራው ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የግብር ባለ ሥልጣኑ በየመንገዱ ቤቶች በስንት እንደተሸጡ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው በደረጃ ላይ ከሚያስተረጉሙ ይልቅ፣ በዚያው ሕንፃና በጎረቤቱ ሕንፃ ስንት እንደተሸጠ በሳሎን ቁጭ ብለው ቢፈልጉልን ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቅናሽ ስንጠይቅ ምክንያት እንያዝ፦ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ማማድ የለውም፤ የውኃ ቧንቧው አርጅቷል። በአሽዶድ የሳይረን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ማማድ የሌለው ቤት ዋጋው እንደሚለይ ያውቃል። ሦስተኛ፣ ደላላው "ባንኩ ስንት ፈቀደላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ የባንኩን ቁጥር አንንገረው። መልሱ፣ "ለዚህ ቤት የምንሰጠው ይህን ያህል ነው" የሚል ብቻ ይሁን። የመጨረሻውን ልክ ባልና ሚስት በቤታቸው ይነጋገሩበት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ይተውት። በ1993 የኪሳችን ልክ በአዋጅ ተነግሮብን ነበር፤ ዛሬ በገዛ አፋችን አንናገረው።

ዋጋው ከተስማማ በኋላ የሚመጣ ሌላ ወረቀት አለ፤ ዝክሮን ድቫሪም ይባላል። ማስታወሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት እንደ ሙሉ ውል ሊቆጥረው ይችላል። ሕጉ ደላላ የሕግ ጽሑፍ እንዳያዘጋጅ ይከለክላል። ስለዚህ ደላላ ጽፎ ባመጣው ዝክሮን ድቫሪም ላይ መፈረም የለብንም። የራሳችን ኦሬኽ ዲን ይኑረን፤ የሻጩ ለእኛ አይሠራም። እርሱ ታቡውን አውጥቶ በቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለ ይመረምራል፤ ውሉ እንደተፈረመም በስማችን ሄዓራት አዝሃራ ያስመዘግባል። ደላላውን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር፦ ክፍያው የሚጸናው ገዢና ሻጭ የሚያስገድድ ውል ሲያደርጉ ነው። ስለዚህ ግማሹ በውሉ ቀን፣ ግማሹ ቁልፍ ስንረከብ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ስምምነቱም በሀዝማናው ላይ ይጻፍ።

ለሚሸጡም እንናገር። በዚያ ጊዜ በማሽካንታ የተገዙትን ቤቶች ዛሬ ሽማግሌ ወላጆች ወይም ልጆቻቸው እየሸጡ ነው። ደላላው ብልዓዲዩት ይጠይቃል፤ ማለትም በእርሱ ብቻ እንዲሸጥ። ይህ ለብቻው በተለየ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት፤ ለመኖሪያ ቤትም ከስድስት ወር ሊበልጥ አይችልም። ስድስት ወር ግን የሕጉ ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ወር ወይም ሦስት ወር ማለት ይቻላል። ደላላውም ቤቱን ለማስተዋወቅ የሚሠራውን በጽሑፍ ያስፍር። የወንድማችሁ ልጅ ቤቱን ሊገዛ ካሰበ ስሙ ከብልዓዲዩቱ ውጭ መሆኑ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ለዘመድ ሸጣችሁም ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ከገንዘብ የሚከብድ ጉዳይም አለ። በስልክ ስማችንን ሲሰሙ "ተሸጧል" የሚሉ አሉ። "ለእናንተ የሚሆነው እዚያኛው ሰፈር ነው" የሚሉም አሉ። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት መላኪ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዘገባ በቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ወጣቶቻችን እዚያም በክኔሴት ፊትም ተሰልፈዋል። በ2000 የወጣው የአድልዎ ክልከላ ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው በዘርና በትውልድ አገር እንዳይለይ ያዝዛል፤ ፍርድ ቤትም ጉዳት ሳይረጋገጥ ካሣ ሊወስን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ወዲያው ጻፉ። ያልተጻፈ በደል ለጠበቃም ለፍርድ ቤትም አይታይም።

በዚህ ሁሉ ደላሎችን ሁሉ ለመኮነን አልተነሣንም። በቅንነት የሚሠራ ደላላ ደክሞ ያገኛል፤ ይገባዋል። ቅን ደላላ ደግሞ "ወረቀቱን ቤት ወስደን እናንብበው" ሲባል አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

ከከተማው አስተዳደርና ከክሊጣ ሚኒስቴር የምንጠይቀውም አለ። የሀዝማና ወረቀት የአማርኛ ትርጉም ይዘጋጅ፤ ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች የሚያማክር አማርኛ ተናጋሪ ሰው ይኑር። ይህን እየጠየቅን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም። በመካከላችን ዛሬ ኦሬኽ ዲን የሆኑ፣ በባንክ የሚሠሩ፣ የደላላ ፈቃድ ያላቸው ልጆች አሉ። በሠርግና በለቅሶ የምንጠራራ ሕዝብ ነን፤ ቤት ሲገዛም እንጠራራ። ቤት ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ ዕብራይስጥ አጥርቶ የሚያነብ አንድ አዋቂ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዞ ይሂድ። ያንን ሸክም በ13 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አንጫን። ልጁ ነገ ሲያድግ ያስተረጎመውን ቃል ሳይሆን ያጎደለውን ገንዘብ ነው የሚያስታውሰው።

በዚህ እትም የዕብራይስጥ ገጽ ላይ ለደላላ የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎችን አትመናል፦ ፈቃድህን አሳየን፤ ክፍያህ ስንት በመቶ ነው፤ ማዓም ተጨምሮበታል ወይ፤ መቼ ይከፈላል፤ ከሻጩም ትቀበላለህ ወይ። ገጹን ቆርጣችሁ በኪሳችሁ ያዙት። ደረጃው ላይ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ከፊርማው በፊት እርሱን አውጡ። ደላላው ኪሳችን ውስጥ ያለውን ማወቅ ካለበት ይህንን ወረቀት ይወቅ፤ የገንዘባችን ልክ ግን ለእኛው ይቆይ።