ስለ ከብት ክትባትና ስለ ቈላው ሙቀት

ከብት አርቢው «ደስታ» ብሎ የጠራው በሽታ ስሙን የማይመስል መሆኑን ያላወቀ የለም። በ1887 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ጣሊያኖች ባስመጧቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ስለ ፈጀ፥ ማሳው ጦም አድሮ አገሩ በክፉ ቀን ተራበ።

መከላከያው የተገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም በኬንያ በሙጉጋ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ ቫይረሱን በጥጃ ኵላሊት ሕዋሳት ላይ ደጋግመው በማራባት አድክመው ያዘጋጁት ክትባት፥ አንድ ጊዜ የተወጋውን ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠብቀው ነበር። ነገር ግን በረዶ ይፈልጋል፤ በአፋር ቈላ በረዶ ከወዴት ይመጣል? ኋላ በ1990 ገደማ ሙቀት የሚችል ዓይነት ተሠርቶ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚሰነብት ስለ ሆነ፥ የአፋር ጐበዞች ራሳቸው ሠልጥነው፥ በእግር ተሸክመውት እየዞሩ ከብቱን ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995፥ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

ዛሬ ደግሞ የዚያ በሽታ ዘመድ የሆነው ደስታ መሰል በሽታ በግና ፍየል ይፈጃል። ክትባቱ አለ፤ እስከ 2030 በሽታውን ከዓለም ለማጥፋትም ታቅዷል። እንግዲህ ሹማምንት በቢሾፍቱ የተመረተውን ብልቃጥ ብቻ ቈጥረው ሥራው ተፈጸመ ባይሉ መልካም ነው። ለቈላው ሙቀት የሚችለው ዓይነት ይቅደም፤ መርፌውም ከመንደሩ ተወላጅ እጅ ይግባ፤ የድካሙም ዋጋ ለክትባት ከተመደበው ገንዘብ ላይ ይከፈለው።