«ቲቢው አገረሸበት» የሚባለው ሁሉ ቲቢ አይደለም

የቲቢ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ወስዶ የጨረሰ ሰው መዝገቡ ላይ «ድኗል» ወይም «ሕክምናውን ጨርሷል» ተብሎ ይጻፍለታል። ሪፖርቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል። ፐርሰንቱ ያምራል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው እያሳለ፣ እየከሳ፣ አልፎ አልፎም ደም እየተፋ ከአንኮበር ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ግን የሚቆጥረው ሠንጠረዥ የለም። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ «አገረሸብህ»።

እውነት ነው፣ ቲቢ ያገረሻል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት እዚያው ላይ ሲቆም ነው። ቲቢ ድኖ ሲሄድ ሳንባ ላይ ክፍተት ሊተው ይችላል። ባዶ ቤት ደግሞ ተከራይ አያጣም፤ እዚህ ቤት የሚገባው ሻጋታ ነው።

አስፐርጂለስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1729 ያወጣለት ጣሊያናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሚኬሊ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያየው ቅርጹ ካህን ጠበል የሚረጭበትን ዕቃ መሰለው። ስሙ የተባረከ፣ ሥራው ግን ሌላ። ከዝርያዎቹ መካከል ሰውን ይበልጥ የሚያጠቃው ፉሚጋተስ የሚባለው ነው፤ የሚኖረውም በረጠበ ድርቆሽ፣ በበሰበሰ ገለባና በፍግ ክምር ውስጥ ነው። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጡ እንደሚግል ገበሬ ያውቃል። ይህ ሻጋታ 50 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ማደግ ስለሚችል፣ የሰው ገላ 37 ዲግሪ ለእሱ ምንም አይደለም። ዘሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፣ ጤነኛ ሳንባም ጠራርጎ ያጠፋዋል። ክፍተት ባለበት ሳንባ ውስጥ ግን ክሩ እየተተበተበ እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል፤ ዙሪያውን ያሉት የደም ሥሮች ይቆስላሉ። ደም የሚያስተፋው ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ከቲቢ በኋላ ሳንባቸው ላይ ክፍተት የቀረባቸውን 544 ሰዎች መርምሮ፣ ከአራቱ በአንዱ ደም ውስጥ የዚህን ሻጋታ ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ፉሚጋተስን ከመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጦታል።

«ጂን ኤክስፐርት አለን» የሚል መልስ ይመጣል። ማሽኑ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረመል ነው፤ የሞተ ባክቴሪያ ዘረመልም ዘረመል ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የታከመ ሰው ላይ ሕያው ቲቢ ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል። «የለም» ሲል ደግሞ «ለማንኛውም ይጀምር» ይባላል። ለማንኛውም! መድኃኒቱ ነፃ ነውና ምን ይጎዳል ነው ነገሩ። ይጎዳል እንጂ። ጉበትን ሊጎዳ መቻሉ ሳያንስ፣ ከቲቢ መድኃኒቶች ዋነኛው ሪፋምፒሲን የሻጋታውን መድኃኒት ኢትራኮናዞልን ሰውነት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። በስህተት ቲቢ ተብሎ የተጀመረለት በሽተኛ፣ ዘግይቶ ሻጋታው ቢታወቅለት እንኳ ሁለቱን አብሮ ቢውጥ የሚፈለገውን ያህል አይሠራለትም።

የዚህ ሻጋታ ወንድም አንድ ጊዜ ዜና ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ፣ ዋናው ምንጭም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ሲነገር ከተማው ተንጫጫ። መንጫጫቱ ተገቢ ነበር። ስለ ሳንባው ሻጋታ ግን ማንም አልጮኸም። ወተቱን የሚጠጣው አዲስ አበቤ ነው፤ የሻገተ ድርቆሽ እያራገፈ አቧራውን የሚተነፍሰው የባሶና ወራና ገበሬ ነው።

በጀት የለም የሚለው ሰበብም እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ፀረ እንግዳ አካሉን ከደም ጠብታ የሚለይ፣ ትልቅ ማሽን የማይፈልግ ፈጣን ምርመራ ተሠርቷል። ኢትራኮናዞልና ቮሪኮናዞል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ችግሩ ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ወር መፍጀቱ ነው። ለቲቢ የስድስት ወር መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ አገር፣ ቲቢው ትቶት ለሄደው በሽታ በሽተኛውን በግህን ሽጠህ ግዛ ሊለው አይገባም።

ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የክልሉ ጤና ቢሮ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ትንሽ ነው። የቲቢ መዝገቡ «ድኗል» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩበት፤ ሲጨርስ በተነሣው ራጅ ሳንባው ላይ ክፍተት ቀርቷል ወይ? ከዓመት በኋላስ ያስላል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የተባለለት ሰው ቲቢ እንደገና ሳይጀመርለት በፊት ደሙ ለሻጋታው ይመርመር።