የጎማ ሰንሰለት የሚያረጀው ከውስጥ ነው

ካተርፒላር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቻሌንጀር 65 የተሰኘውን የእርሻ ትራክተር በብረት ሰንሰለት ፈንታ በጎማ ሰንሰለት ላይ አቁሞ ካቀረበ ወዲህ፣ ዛሬ ከአነስተኛ ኤክስካቫተር እስከ ሎደር ብዙ ከባድ ማሽኖች በዚሁ ይሄዳሉ። ገዢዎች ግን ዓይናቸውን የሚጥሉት በጎማው ውፍረት ላይ ነው። ሸክሙን የሚጎትቱት በውስጡ የተቀበሩት የብረት ገመዶች ናቸው። ሹል ድንጋይ ጎማውን ሲሰነጥቀው ውሃ ዘልቆ ይገባል፤ ገመዱም ማንም ሳያየው ይዝጋል። ከላይ ሲታይ ገና የሚያገለግል የሚመስለው ሰንሰለት በሥራ መካከል ይበጠሳል።

ስለዚህ ገዢ ከሁሉ በፊት ስለ ገመዱ ሊጠይቅ ይገባል። ጫፍና ጫፉ ተደርቦ የተያያዘ ገመድ መጋጠሚያው ላይ ይደክማል፤ አንድ ወጥ ሆኖ የተጠመጠመው ይህ እንከን የለበትም። ዋጋው ቢወደድም የሚያዋጣው እርሱ ነው።

ቀሪው የውጥረት ጉዳይ ነው። በአነስተኛ ኤክስካቫተሮች ሰንሰለቱ የሚወጠረው በግሪስ ግፊት ሲሆን፣ ከላላ ከቦታው ይወልቃል፣ ከልክ በላይ ከተወጠረም ራሱንና መዘውሮቹን ይበላል። መለካቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ማሽኑን በድንጋያማ መሬት ላይ ባለበት ማዞር ጎማውን እንደሚቀድ ኦፕሬተሩም አያጣውም፤ ወቀሳው ሁልጊዜ እርሱ ላይ ቢያርፍም፣ ለምርመራ ደቂቃ የሚነፍገውና በሰዓት የሚያጣድፈው አሠሪ ይበልጥ ይጠየቃል።