እሳተ ገሞራውን በጠመኔ የምናስተምር እኛ

የተማሪ ሽርሽር ትርፍ ነገር ነው የሚሉ ወላጆችም ርእሳነ መምህራንም አሉ። «ሄደው ከሚጨፍሩ ቁጭ ብለው ያንብቡ» ይባላል። በዚህ ላይ የምለው አለኝ፤ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ሳለሁ አንድ የዕረፍት ቀናችንን ቶኪዮ ዲዝኒሲ የሚባል መዝናኛ ፓርክ ውስጥ አሳለፍን። ስሙ ቶኪዮ ይበል እንጂ ያለው ቺባ ግዛት፣ ኡራያሱ ከተማ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን ነገሩ ሁሉ ባሕርና ወደብ ነው። ስምንት «ወደቦች» አሉት፤ ስምንተኛው የተጨመረው በ2024 ነው። አንዱ ጣሊያን ነኝ ይላል፣ አንዱ የድሮ ኒውዮርክ፣ አንዱ የዐረብ ገበያ። መሀሉ ላይ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ ቆሟል። አልፎ አልፎ ያጓራል፣ እሳት ይተፋል። ሰዉ ስልኩን ያወጣል። እኔም አወጣሁ፣ ምን ላድርግ!

ወረፋውን ተዉት። ለጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም የታክሲ ሰልፍ የለመደውን አዲስ አበቤ እንኳ ያማርራል።

እኔን የያዘኝ ግን የደንብ ልብስ የለበሱት ተማሪዎች ናቸው። ጃፓኖች «ሹጋኩ ሪዮኮ» የሚሉት የትምህርት ቤት ጉዞ አላቸው። የትምህርቱ አካል ነው፣ ከመምህር ጋር ብዙ ጊዜ አድረው ይመለሳሉ፤ ወላጅም ቀደም ብሎ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ይከፍልለታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ታሪካዊ ቦታ ያስጎበኙና እግረ መንገዳቸውን እዚህም ያመጧቸዋል። ልጁ ቀን ቀን ይማራል፣ ይጫወታል፤ «ጊዜህን አቃጠልክ» የሚለው የለም።

የቆምንበት መሬት ራሱ ባሕር ነበር። ኡራያሱ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1958 የወረቀት ፋብሪካ ፍሳሽ ባሕሩን በከለባቸው፤ በ1971 አጥማጆቹ የማጥመድ መብታቸውን ጨርሰው ለቀቁ፣ ባሕሩም እየተደለደለ መሬት ሆነ። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ የውሸት ባሕር የተሠራው። ኮሎምቢያ የምትባለው የማትንቀሳቀስ መርከብ ላይ ወጥታችሁ ብትመለከቱ እውነተኛው የቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ እዚያው ጀርባ ተኝቷል። ብዙው ሰው ግን ፊቱን ወደ ውሸቱ ነው ያዞረው።

በእነሱ ለመሳቅ ቸኩዬ ነበር። ግን እኛስ? ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ኤርታ አሌን በጠመኔ ስዬ «ይኸውላችሁ፣ 613 ሜትር፣ አፋር ውስጥ» እላለሁ፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ባሕር ምን ምን ይሸታል?» ብላኛለች። ደናክል በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ የገባበት ምድር እንደሆነ፣ አሞሌ የሚቆረጥበት ጨውም ያ ውሃ ተንኖ የቀረው እንደሆነ ሲነገራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ጃፓኑ ልጅ የውሸቱን እሳተ ገሞራ አይቶ ይደነግጣል፤ የእኛው ልጅ የእውነቱን ሥዕል ሸምድዶ ፈተና ላይ ያከብባል።

አፋር ሩቅ ነው፣ ሙቀቱ፣ ወጪው፣ ጸጥታው... ይገባኛል። ዲዝኒም ይሠራልን አላልኩም፤ የአዋቂ መግቢያው ብቻ እንደ ቀኑ ከ7,900 እስከ 10,900 የን ነው። ግን ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም! ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቦደሰው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ቀን፣ ዳቦና ውሃ በቃ።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ብዙው በሆቴልና በሪዞርት አጥር ተይዟል። ውሃውን ለማየት ቢያንስ ማኪያቶ ማዘዝ አለባችሁ። ስድሳ ተማሪ ይዞ ማኪያቶ የሚያዝዝ መምህር ካለ ደመወዙን ይንገረኝ። ሐይቁን የፈጠረው ባለሀብት አይደለም፤ ልጆች ዳሩ ላይ ቁጭ ብለው ድንጋይ የሚወረውሩበት መቶ ሜትር ያለ ክፍያ ቢተውላቸው ማንም አይከስርም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ለትምህርት ቤታችን ማመልከቻ አስገባለሁ። «በጀት የለም» እንደሚባል አውቃለሁ፣ ወላጅ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያስቀምጥስ የሚለውንም አብሬ አቀርባለሁ። መምህራን ወዳጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ተማሪ ይዞ የወጣ ካለ መኪናውን ከየት እንዳገኛችሁና ስንት እንደፈጀባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።